ጉዲቱና የማትጠራው ሎሚ

ጉዲቱ ግስ የገባት መምህሩ አስረድተው ሳይጨርሱ ነው። በደርግ ዘመን፣ ናዝሬት ውስጥ፣ የቀበሌው መሠረተ ትምህርት ክፍል ፊደሉን እንደ ቆሎ ቆረጣጥሞ ሲጨርስ መምህር ሐዲስ ወደ ግስ ገቡ።

"'ሳቀች' ብዬ ዝም ብል ነገሩ ሙሉ ነው። የማይሻገር ግስ ይባላል" አሉ። "'ደበደበች' ብዬ ዝም ብልስ?"

"ማንን? ኧረ ይንገሩን እንጂ!" ጉዲቱ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"ይቺ ወሬ ስትሰማ እንዲህ ናት!" አለች ጎረቤቷ ሸዋወርቅ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን ደስታቸውን አልቻሉትም። ተሻጋሪ ግስ ማለት ይኸው ነዋ! ጫፉን ብቻ ሰምተው እንቅልፍ እንደሚነሳ ወሬ።

ከዚያ ወዲያ ጉዲቱ አበደች። ቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ የሴቶቹን ሐሜት እየጠለፈች "'ተኛ' የማይሻገር! 'ሰረቀ' ተሻጋሪ!" ትላለች። ፈተናውን ያለፈች ሴት ቀበሌው ያቋቋመው የልብስ ስፌት ማኅበር ትገባለች ተብሏል። የስፌት መኪናው ከመምጣቱ በፊት እግሯ ቤቷ ወለል ላይ የሌለ ፔዳል ሲረግጥ ይውላል።

የፈተናው ዕለት መምህሩ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ሎሚ አስቀመጡ። ጉዲቱ ክው አለች።

የአማቷ ስም ሎሚ ነው። እሳቸውም ተማሪ ናቸው፤ ከኋላዋ ተቀምጠዋል። ጉዲቱ ከደራ ተድራ የመጣች ናት፤ ባደገችበት ቤት ምራት የአማቷን ስም ከአፏ አታወጣም፣ ስሙን የሚጋራውን ፍሬም ቢሆን። ገበያ ወጥታ "ከዚያ ከቢጫው፣ ከጎምዛዛው" እያለች ብርቱካን ይዛ የተመለሰችበት ቀን አለ። አማቷም "የኔ ሙሽራ እስከ ዛሬ ስሜን ጠርታ አታውቅም" እያሉ በየደጁ ሲኩራሩ ኖረዋል።

"ጓድ ጉዲቱ፣ 'ጨመቀች' ምን ዓይነት ግስ ነው?"

"ተሻጋሪ!"

"ምን ጨመቀች?"

"ልብስ!"

"የያዝኩትን ተናገሪ" አሉ መምህሩ ሎሚዋን ከፍ አድርገው።

"ያቺን... ቢጫዋን።"

"ስም የላትም?"

ጉዲቱ አቀረቀረች። መምህሩ ለአገሩ እንግዳ ነበሩና አላወቀችም ብለው ቀይ እስክሪብቷቸውን አነሡ።

እማማ ሎሚ ያንን እስክሪብቶ አዩ። የምራታቸውንም እግር አዩ፤ ከጠረጴዛው ሥር ፔዳሉን መርገጥ ትቷል።

"ቆይ መምህር!" ብለው ተነሡ። "ልጄ ታውቃለች። አፏን የያዝኩት እኔ ነኝ።" ወደ ጉዲቱ ዞሩ። "በይ ጥሪው፤ ፈቅጄልሻለሁ።"

"ሐርሜ! እናቴ፣ እንዴት ብዬ?"

"እንደ ማንም ሰው! መኪናው ላይ ሌላ ሴት ትቀመጥበት?"

ጉዲቱ ዓይኗን ጨፈነች። "ጉዲቱ ሎሚ ጨመቀች!" ብላ ስትጮህ ውጭ ለስኳር የተሰለፈው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

"አማቷን ጨመቀቻት!" ብላ ሸዋወርቅ እልልታውን አቀለጠችው። መምህሩ ምን እንደ ተደረገ ባይገባቸውም "አልፈሻል" አሉ።

"ቀጥሎ እማማ ሎሚ። የማይሻገር ግስ ይስጡኝ።"

አማትየዋ ዓይኗን ገና ያልገለጠችውን ምራታቸውን ተመለከቱ።

"ሎሚ ደነገጠች። ሎሚ ሳቀች።"

"የጠየቅኩት አንድ ነው፣ እማማ።"

"ሁለቱም ሆኖብኛል፣ ልጄ።"