እህቴ ቁጭ በይ የተባለችበት ቤት

ታላቅ እህቴ አፏን የፈታችው ዘግይታ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ንግግሯ ከጥቂት ቃላት አላለፈም። ገበያ ብትላክ መንገድ ላይ ትቀራለች፤ ቀሚሷን ገልብጣ ለብሳ ስንስቅባት አብራን ትስቃለች። የበግ ጠጉር መፍተል ግን ከእናታችን ተምራ ነበር። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን ደጃፍ፣ ውርጩ ሲለቅ እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች። እሷ የፈተለችው ባና ሆኖ ሌሊት ሌሊት ለብሰነዋል። እንግዳ ሲመጣ ባናውን እየነካች፣ “እኔ! እኔ!” ትል ነበር።

እኔ መሐል ሜዳ ከተማ አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩ በዓመቱ የእናታችን ዓይን ደከመ። እህቴ እጇን እሳት አቃጠላት፤ ሌላ ቀን ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ ያገኛት ጎረቤት መልሶ አመጣት። እኔ ጋ እንዳላመጣት ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ፣ “ልጆቼ ይፈሯታል” አሉኝ። ወንድም የለን፣ አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እንደሷ ያሉትን የሚያኖር ቤት ራቅ ባለ ከተማ እንዳለ ሰማሁና በአውቶቡስ ወሰድኳት። ስለያት አላለቀሰችም፤ አብሬያት የማድር መስሏት ነበር።

እንደገና ስሄድ ፀጉሯን ተላጭታ፣ የማላውቀውን ቀሚስ ለብሳ፣ ግድግዳ ጥግ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ከተቀመጡት መሀል አገኘኋት። ቤቱ ንጹሕ ነው። ድምፅ ግን የለም። የሚንከባከቧቸውን ሴት፣

“እትዬ፣ የላክሁላት ጠጉርና እንዝርትስ?” አልኳቸው።

“አስተዳዳሪው እንዝርት ዓይን ያወጣል ብለው አነሱት።”

“ቀኑን ሙሉ ታዲያ ምን ትሠራለች?”

ሴትዮዋ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። “የኔ ልጅ፣ እዚህ የሚመታቸው የለም። ግን እኔ ብቻዬን ነኝ። አንዷ ስትነሳ ሁሉም ይነሳሉ። ቁጭ ካሉልኝ ነው አጥቤም አብልቼም የምደርሰው።”

የደከሙ ሰው ነበሩ። ልቆጣቸው አልቻልኩም።

ለፋሲካ ወደ እናታችን አመጣኋት። በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም። ምግብ ቀርቦላት ብዪ እስክትባል እጇን አልዘረጋችም። ከሰዓት በኋላ የተቀመጠችበት መደብ ረጠበ፤ ለሽንት ደጅ ውጪ ያላት ስላልነበረ ነው። ቀድሞ እንዲህ አልነበረችም፤ ለዚህስ ማንንም ጠይቃ አታውቅም። እናታችን እንዝርት እጇ ላይ አኖረችላት። እህቴ ወደ በሩ አየችና ቀሚሷ ሥር ደበቀችው።

“አልመቷትም ብለሽኛል” አለች እናቴ።

“አልመቷትም እማዬ።”

“ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን ወሰደባት?”

የረጠበውን መደብ መጥረግ ጀመርኩ።

“አትመለስም” አለች እናታችን፤ አስቀረቻት። በየጠዋቱ እጇን ይዛ ደጅ ታወጣት፣ ጠጉር ታስነካት፣ እንደ ሕፃን ታወራት ነበር። አንዳንዴ ትንሽ ፈተለች አሉ፤ እኔ አላየሁም። ክረምቱ ሲበረታ እናቴ ታመመችና መስቀል ሳይደርስ አረፈች። ለቅሶተኛው ሲወጣ ሲገባ እህቴ አንድ ቦታ ተቀምጣ ዋለች። ከሣልስቱ በኋላ የዘመድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው እኔን አዩኝ፤ እኔም እነሱን አየኋቸው። “እኔ ልውሰዳት” ያለ አልነበረም።

መልሼ ወሰድኳት። አስተዳዳሪው በደስታ ተቀበሉን። “እሷ መልካም ናት” አሉኝ፣ “ካሉን ሁሉ የማታስቸግረው እሷ ናት።” አመሰገንኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

እረፍት ባገኘሁ ቁጥር እሄዳለሁ። እኚያ ሴትዮ ለቀው አዲስ ሠራተኛ ተቀጥራለች። ባለፈው ስደርስ፣ “የትኛዋን ነው የምትጠይቂው?” አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት። አጠገቧ ሄጄ ተንበረከክሁና እጇን ያዝሁ። ብዙ ቆይታ ቀና ብላ አየችኝ።

“ልነሳ?” አለችኝ።

“ተነሺ፣ እህት ዓለም” አልኳት።

ተነስታ ቆመች። ቀጥሎ የት እንደምትሄድ እንድነግራት ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።