ዳንቴል የለበሰው ሰርቨር

የምሥራች! እልል በሉ! ምንም አልተፈጠረም!

አዎ፣ ምንም። የፋሲካ ሰሞን ሐሙስ፣ የአሶሳ መናኸሪያ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ሳለ አንድ ወንበር ለሁለት ሰው አልተሸጠም፤ ማንም የማንንም ኮሌታ አልያዘም። የምሥራቹ የማን ነው ካላችሁኝ፣ የዐዋጢፍ ነው።

ዐዋጢፍ የአሶሳ ልጅ ናት። በልጅነቷ የአባቷን ሬዲዮ ፈታ ስትገጥም ብሎኖች ተረፏት፤ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ ይልቅ አምርሮ ጮኸ። አባቷም «የተረፉት ሰነፎቹ ናቸው» አሉ። ከዚያ ወዲህ የከፈተችውን ነገር ሁሉ ዘግታ አታውቅም ማለት ይቻላል። ሞባይል ጠገነች፣ ኮሌጅ ገባች፣ በስተመጨረሻ የኦቦ ዱጋሳ የአውቶቡስ ትኬት ቤት የሰርቨር ጠባቂ ሆነች።

ሰርቨሩ የአሶሳና የባምባሲ ቢሮዎች «ይህ ወንበር ተሸጧል?» እያሉ የሚጠይቁት ኮምፒውተር ነው። እሱ ከቆመ ሁለቱም በየፊናቸው በእጅ ይሸጣሉ። በጥምቀት ሰሞን ቆመና አንድ የአሶሳ ሽማግሌና አንዲት የባምባሲ ነፍሰ ጡር አንድ ወንበር ላይ ተገናኙ። ሽማግሌው ተነሡላት፤ ሚስታቸው ግን መንዲ እስኪደርሱ ተሳደቡ።

ኦቦ ዱጋሳ ወሰኑ።

«አንቺ ዐዋጢፍ፣ ይህ ሣጥን አንድ ጊዜ ደግሞ ከቆመ የዶሮ ቤት አደርገዋለሁ። አንቺም ወደ ሞባይልሽ!»

ጥፋተኛው ሜሞሪው ነበር። ሰርቨሩ በየቅጽበቱ የሚሠራውን የሚይዝበት ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ እሱ ሲበላሽ ሁሉም ነገር ድርቅ ይላል። ዐዋጢፍ ለምና ለምና እጥፍ አስገዛች፤ አንዱ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ሌላውም ላይ እንዲጻፍ አደረገች።

«ታዲያ ግማሹ ተጎልቶ ሊኖር ነው?» አሉ ኦቦ ዱጋሳ።

«አይጎለትም፣ ኦቦ ዱጋሳ። እናንተ ቸርች መዘምራን አለ አይደል? ሁለት ሰው አንድ ድምፅ ይዘምራል። አንዱን ሳል ቢይዘው መዝሙር ይቆማል?»

«የእኛ መዘምራን በነጻ ነው የሚዘምሩት!» አሉና ትንሽ አሰቡ። «እስከ ፋሲካ አየዋለሁ። ካልጠቀመ ግማሹን አውጥተሽ የልጄ ላፕቶፕ ውስጥ ትከቺዋለሽ።»

«ላፕቶፕ ውስጥ አይገባም እኮ።»

«በደንብ ግፊው!»

እንግዲህ ያ ሐሙስ ደረሰ። ዐዋጢፍ ለአንድ አፍታ ብላ እህቷ ዘንድ ፀጉር ልትሠራ ተቀምጣለች። ግማሽ ራሷ እንደተሠራ ስልኳ ጮኸ፤ ሰርቨሩ ራሱ መልእክት ልኳል፦ አንደኛው ሜሞሪ ሞቷል። ሻሿን ጠምጥማ ባጃጅ ላይ ዘለለች።

«እናቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለ ባለባጃጁ።

«ሜሞሪ ሞቶብኝ!»

«ነፍስ ይማር» ብሎ ነዳው።

ቢሮው ስትደርስ ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል። ትኬት ሻጯ አስረሳሽ ቆሎዋን እየቆረጠመች ትሸጣለች። ሰርቨሩ? ሰርቨሩ ከአናቱ እስከ እግሩ ነጭ ዳንቴል ለብሶ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። መተንፈሻ ቀዳዳው ሁሉ ተሸፍኗል።

«አስረሳሽ! ይሄ ምንድነው?»

«አማረበት አይደል? ለበዓል ብዬ ነው። ቴሌቪዥኔ ለብሷል፣ ፍሪጄ ለብሷል፤ እሱ ብቻ ራቁቱን ይዋል?»

«በአሶሳ ሙቀት ቀሚስ! ወላሂ አፍነሽ ገደልሽው!»

«ምን ገደልኩት? ይኸው እየሸጥኩበት!»

ዐዋጢፍ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ሳቋ አመለጣት። እውነት ነዋ! አንዱ ሞቶ ሌላው ይሠራል፤ አንድም ተሳፋሪ አላወቀም። ደግሞስ በምን አፏ ትቆጣ? ባለፈው ሳምንት አናቱ ላይ ትንሿን ዳንቴል ስታይ «እጅሽ ይባረክ» ያለቻት ራሷ ናት። ቀሚሱን ገፈፈችው፤ ሰርቨሩም ተነፈሰ።

ችግሩ፣ ምንም ያልሆነ ነገር አይታይም። ማምሻውን ኦቦ ዱጋሳ ደረታቸውን ነፍተው ገቡ።

«ይኸው! በጥምቀት ያየነው ጉድ የት አለ? በከንቱ ነው ያስገዛሽኝ። ግማሹን አውጪው!»

«እሺ» አለች ዐዋጢፍ።

የመጨረሻው ትኬት እስኪሸጥ ጠበቀች፤ በገዛ እጇ ሰርቨሩን አጠፋች፤ የተቃጠለውን ሜሞሪ ነቅላ መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

«ይኸው ሬሳው። ጠዋት ነው የሞተው፤ አስረሳሽ ዳንቴል አልብሳው ታፍኖ። ቀኑን ሙሉ ሌላው ብቻውን ነው የሸጠው።»

ኦቦ ዱጋሳ አገላበጡት። ወደ ባዶው ወረፋ ቦታ አዩ። እኚያ የሽማግሌው ሚስት ትዝ ሳይሏቸው አልቀሩም።

«ያ ዋቃ!» አሉ ቀስ ብለው አምላካቸውን እየጠሩ። «ጠዋት?»

«ጠዋት።»

«በይ ምትኩን ግዢ። መጠባበቂያም ጨምሪ። ስለ ዳንቴሉ ግን አስረሳሽን አንቺው ንገሪያት፤ እኔ እፈራታለሁ።»

ዐዋጢፍ ሥራዋም ሰርቨሯም ተረፉላት፤ ግማሽ ራሷን ልታስጨርስ ሄደች። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ላወራችሁ አልችልም። ጎረቤቴ የወርቅውሃ ትኬቷን ከኦቦ ዱጋሳ ቆርጣ ነገ ተሳፋሪ ናት፤ «ወንበሬን ለሌላ ሰው ይሸጡብኛል» እያለች ጓዟን ስትጭን ስታወርድ ውላለች። ይኸው በሯ ተከፈተ፤ ልሩጥ ልንገራት!