የጸሐፊ ቸኮል የንባብ ቤትና የፊታውራሪ ገብስ

ጸሐፊ ቸኮልን ተቀምጦ ያየው ሰው በሆሳዕና ከተማ አልነበረም። ቆሞ ይበላል፣ እየተራመደ ይጽፋል፤ ወንበር ላይ አረፍ ቢል እንኳ ወንበሩ ደንግጦ ይነሣ ነበር ይባላል። ሚስቱ ወለተ ማርያም፣ «የኔ ባል የሚተኛው እየሄደ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከጓሮ እንሰት ውስጥ ነው የምለቅመው» እያለች ጎረቤት ታስቅ ነበር።

አባቱ የሸዋን ጦር ተከትሎ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ለልጁ ያወረሰው መሬት ሳይሆን አንድ ሣጥን መጽሐፍ ሆነ። ቸኮል በዚያ ላይ በነጋዴ በቅሎ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጋዜጣ ጨመረበት። ጋዜጣው ሆሳዕና እስኪደርስ፣ ታመመ ብሎ የጻፈለት መኰንን ተዝካሩ ወጥቶ ያድር ነበር። ቢሆንም ወሬ ወሬ ነውና ቸኮል ሣጥኑን አሸክሞ የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ኃይለመለኮት ዘንድ ደጅ ጠና።

«ጌታዬ፣ ከገበያው ዳር ያለውን ባዶ ቤት ይስጡኝ። የንባብ ቤት ላድርገው። የሚያነብ ያነባል፣ የማያነብ ይሰማል።»

ፊታውራሪ ጢማቸውን እያሹ አሰቡበት። «ውሰደው። የገብሱ አዝመራ ሲገባ ግን መጥቼ አያለሁ። ሰው ከሞላበት ያንተ ነው። ባዶ ካገኘሁት ገብሴ ይገባበታል። ገብስ ቢያንስ ተጠርቶ አይቀርም!»

ቸኮል ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ቤቱን ጠረገ፣ ሰሌን አነጠፈ፣ የወሩን ሥራ ደለደለ። በሚካኤል ለሽማግሌዎች ጋዜጣ ይነበባል። በገብርኤል አቤቱታ ለሚያስጽፍ ሰው ምክር ይሰጣል። በማርያም ለሴቶች ፊደል ይቆጠራል። ድልድሉን ራሱ ገበያ ወጥቶ አስታወቀ፤ አዋጅ ነጋሪው ከበሮውን እስኪያነሣ እንኳ አልጠበቀም።

ሚካኤል ደረሰ። ቸኮል በር ላይ ቆመ፤ ቆመ ማለት እንኳ ከበር እስከ መንገድ ተመላለሰ ማለት ነው። የመጣ የለም። በመጨረሻ ጓደኛው ወልደ ሰንበት በጠላ ፊቱ ቀልቶ ብቅ አለ።

«ምን ትሠራለህ እዚህ? ማኅበር ተቀምጠናል እኮ! በሚካኤል ቀን ጋዜጣ የሚያነብ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው?»

ከሰሜን የመጣው ሁሉ ማኅበር ላይ ነበር። የአገሩ ሰውስ? ቸኮል በመንገድ የሚያልፈውን የከብት ነጋዴ ላምቤቦን እጁን ይዞ አስቆመው።

«በሚካኤል ና ብዬህ አልነበረም?»

«ጸሐፊ፣ እኛ የአንጋጫ ገበያ እናውቃለን፣ የቦኖሻ እናውቃለን፣ የዚህን እናውቃለን። ሚካኤል የት ነው የሚገበየው?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ቀኑን በለወጠ። ቸኮል ግን አገሩን ለመለወጥ ተነሣ! በቅሎውን ጭኖ አንጋጫ ወርዶ፣ ጊምቢቹ ወጥቶ፣ ገበያ መካከል ጉቶ ላይ ቆሞ የወሩን በዓላት ከልደታ ጀምሮ አስጠና። ሰዉ በጨዋነት አዳመጠው፣ ቅቤውን ሸጠ፣ ወደ ቤቱ ገባ። በገብርኤል ሁለት ዶሮዎች መጡ። በማርያም ጎረቤቱ አሰገደች እሳት ልትጫር ብቅ ብትል፣ ከ«ሀ» እስከ «መ» ሳያስቆጥር አለቀቃትም፤ ፍሟ በገሉ ላይ አመድ ሆነ። «ወንድሜ፣ በፊደሉ ምሳ ልቀቅልበት?» ብላው ሄደች።

አዝመራው ገባ። ፊታውራሪ በገበያው ቀን ገብሳቸውን አስጭነው እንደሚመጡ ላኩበት። ያን ጠዋት ቸኮል ባዶውን ቤት ሲዞር ሰሌኑ ተበጣጠሰ። ሣጥኑን ሊዘጋ ቁልፉን ሲፈልግ፣ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ተቀደደና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ።

ገበያው ሁሉ ሮጠ። በዚያ ዳር ሰፊ ጣራ ያለው ያ ቤት ብቻ ነውና ሰው፣ ቅቤ፣ ቆጮ፣ በግ፣ አንድ ጥጃ ሳይቀር ገባበት። ቸኮል ሣጥኑ ላይ ዘሎ ጋዜጣውን ገለጠ። አውሮፕላን የሚባል እንደ ወፍ የሚበር ነገር አዲስ አበባ መጥቷል ይላል። እሱ አንድ ቃል ሲያነብ ላምቤቦ በሃዲይኛ አሥር ያደርገዋል፤ አውሮፕላኑ ሆሳዕና ሲደርስ ቀንድ ሳያበቅል አልቀረም።

«በሬ ይጭናል?» አለ አንዱ።

«ቅቤ ቢጭንስ» አለች አንዲት የከምባታ ሴት፣ «እዚያ ላይ ፀሐይ አጠገብ አይቀልጥም?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፊታውራሪ ከጭነት አህዮቻቸው ጋር በር ላይ ደርሰው መግቢያ አጡ።

«ቸኮል!» አሉ ካባቸው እየተንጠባጠበ። «ይህን ሰው የሞላልህ ዝናቡ ነው። አይቆጠርልህም! ሲያባራ እናያለን።»

ቸኮል ንባቡን ቀጠለ። ዝናቡ ሲሳሳ ድምፁን ከፍ አደረገ። አባራ። ፀሐይ ወጣች። አንዱ በጉን ጎተተ፤ ቸኮል ነፍሱ አብራ ወደ በሩ ሄደች።

«ቆይ» አለ ባለ በጉ መልሶ በጉን እያሰረ፣ «አውሮፕላኑ ገና በሰማይ ነው እኮ። እንዴት ይወርዳል?»

«እኔም እሱን ነው የምጠብቀው!» አሉ ፊታውራሪ ከውጭ። ወዲያው ያሉት ገባቸውና አሽከሮቻቸውን ገላመጡ። «ምን ቆማችኋል? ገብሱ ሊበቅል ነው!»

«ጌታዬ፣ ያስገቡት» አለ ቸኮል። «ሰዉ ይቀመጥበታል።»

እንዲህ ሆነና ገብሱ ገባ፣ ሰዉ ጆንያው ላይ ተቀመጠ፣ አውሮፕላኑም በሰላም ወረደ።

«ቃሌ ቃል ነው፣ ቤቱ ያንተ ነው» አሉ ፊታውራሪ፣ «ገብሴ ግን እንግዳህ ነው። የሚቀጥለው ንባብ መቼ ነው?»

«በገብር...» አለና ቸኮል ላምቤቦን አየው። «በገበያ ቀን!»

«የየትኛው ገበያ?» አለ ላምቤቦ።

ቸኮል ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። በሳምንቱ ሣጥኑን በበቅሎ ጭኖ በሆሳዕና ገበያ አንብቦ ሲያበቃ ወደ አንጋጫ፣ ከአንጋጫ ወደ ቦኖሻ መዞር ጀመረ። ወለተ ማርያምም ስንቁን እየቋጠረች፣ «ተመስገን» አለች፣ «አሁንስ የት የት እንደምለቅምህ አወቅሁ።»