ከኮኪት ጀርባ የጠረግነው መንገድ

ትእዛዙ የደረሰን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ከኮኪት ወደ ገንዳ ውሃ የሚወስደው አስፋልት በተኩስ ተዘግቷል፤ ቁስለኛ የሚወጣበት ተለዋጭ መንገድ በእርሻው ውስጥ ጥረጉ ተባልን። የጓዱ አዛዥ እኔ ነበርኩ። ልጆች ስለ ውጊያው ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ስለዚህ መንገድ ነው።

ግንቦት ነው። ዋልካው መሬት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዶማ አይበሳውም። ሰሊጥ የሚያርሱ ሼህ ኑሩ የሚባሉ አዛውንት ትራክተራቸውን ይዘው ሊረዱን መጡ። እጃቸውን ወደ ቁጥቋጦው ዘርግተው፣ «ልጄ፣ ከብቶቹ በሚሄዱበት በጠጠሩ በኩል ዙር። ይሄኛው ዝናብ የነካው ቀን መኪና ይውጣል» አሉኝ።

«እሱ በእጥፍ ይረዝማል፣ አባቴ። ጊዜ የለንም» አልኳቸው። የከተማ ልጅ ነኝ፤ ካርታ ማንበብ ስለተማርኩ መሬት የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እሳቸውም ትራክተራቸውን አስነሱ።

በሦስት ቀን ጨረስን። ቀጥ ያለ፣ የሚያምር መንገድ ወጣው። ኮርቼበት ነበር፤ አልደብቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዘነበ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተኩስ ተከፈተብን። ሁለት ጓዶቻችን ወዲያው ወደቁ። የጎጃሙ በላይ ጭኑን ተመታ። ቁስሉን አስረን ፒክአፑ ላይ ጫንነው። ሐኪማችን «ቶሎ ከደረሰ ይተርፋል» አለ።

ግማሽ መንገድ ላይ መኪናው እስከ ሆዱ ሰመጠ። ገፋን። ቆፈርን። ቅርንጫፍ አነጠፍን። ጭቃው ጫማችንን ከእግራችን ያወልቅ ነበር። በመጨረሻ በቃሬዛ ተሸክመን በእግር ቀጠልን።

«አስር አለቃ፣ ብዙ ቀረን?» አለኝ በላይ።

«ደርሰናል» አልኩት። አልደረስንም ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትከሻችን ላይ አረፈ።

ሦስት ሰው ቀበርን። ሪፖርቱ ሦስቱም በጥይት ወደቁ ይላል። የሁለቱ እውነት ነው።

መንገዱን እንደገና በጠጠሩ በኩል ጠረግነው። ዛሬም አስፋልቱ ሲዘጋ የጭነት መኪናው ሁሉ በዚያ ይወጣል። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ደስታው ግን ሙሉ አይሆንልኝም።

ከሠራዊቱ ስሰናበት ለቅሶ ልደርስ ጎጃም፣ ወደ በላይ አባት ቤት ሄድኩ። ከእርሻ ገና መመለሳቸው ነበር። አንድም ሳልሸሽግ ነገርኳቸው።

«ገበሬ ነግሮህ ነበር ማለት ነው» አሉኝ።

«አዎ፣ ነግረውኝ ነበር።»