እኔንና ሚሞንን ያስለቀሰን ድንች

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት የይቅርታ ቀናችን ከሆነው ከዮም ኪፑር ጾም በፊት በነበረው ሻባት፣ በሰንበታችን ነው። ድንች በተላጠ ቁጥር ባለቤቴ እያየችኝ ስለምትስቅ፣ ልርሳው ብልም አልተቻለኝም።

የምንኖረው እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቤት በሚባል ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእኛ በላይ ሚሞን የሚባል ከሞሮኮ የመጣ ጡረተኛ ብቻውን ይኖራል። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት ባለቤቴ በርበሬ ስታምስ ሽታው ደረጃውን ሞላውና ሚሞን ለሕንፃው ኮሚቴ አቤት አለ። እኔም ደረጃ ላይ ጠብቄ የማይረባ ነገር ተናገርኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ቀረ። አንዳችን ስንመጣ ሌላው የፖስታ ሳጥኑን መፈተሽ ይጀምራል።

ያን ሰሞን ልጃችን ሃይፋ ከተማ ወልዳ ባለቤቴ ልታርሳት ሄደች። ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆመችና፣

«ስማ፣ ዮም ኪፑር ሳይገባ ይህን ሰውዬ ታረቀው። ኩርፊያ ይዘህ እንዳትጾም። ሻባት ጥራና አብላው» አለችኝ።

«ምን ላብላው?»

«ከሱፐርማርኬት ገዝተህ አቅርብለታ!»

ይቺ ናት ያናደደችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ወጥ መሥራት ደግሞ ምን ችግር አለው?» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሚሞንን በሩ ድረስ ወጥቼ ለቅዳሜ ምሳ ጠራሁት። ትንሽ አየኝና «እመጣለሁ» አለ።

ዶሮ ለመሥራት አልደፈርኩም። ድንች ግን ምን ሊሆን? ዓርብ ከሰዓት በኋላ መላጥ ጀመርኩ፤ ከድንቹ ልጣጩ ሳይበልጥ አልቀረም። ሽንኩርቱን አቁላልቼ በርበሬ ፈለግሁ። ባለቤቴ ቅመሟን የምታስቀምጠው በባዶ የቡና ጠርሙሶች ነው፤ ጽሑፍ የሚባል የላቸውም። ቀይ ያለውን አነሳሁ። ክዳኑን ስከፍተው ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ። ደህና በርበሬ ነው ብዬ አራት የሾርባ ማንኪያ ጨመርኩ። ሲበስል፣ ሳልቀምሰው፣ ፕላታ በምንለው የሻባት ምግብ ሲያሞቅ በሚያድር የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አስቀምጬ ወደ ምኵራብ ሮጥኩ።

ከጸሎት ተመልሼ አንዲት ቁራጭ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ሚጥሚጣ ነው! ጆሮዬ ጭምር ነደደ።

ዓርብ ጀንበር ጠልቃ ሻባት ግን ገብቷል። ሌላ መቀቀል አይቻል፣ ሱቅ ዝግ፣ ለባለቤቴ ደውሎ መጠየቅም ክልክል። በእውነት ደነገጥኩ። በበርበሬ ሽታ የተጣላሁትን ሰው ሚጥሚጣ ባበላው ተበቀለኝ እንጂ ታረቀኝ አይልም። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካችንን መኮራረፋችን ነው። ስለዚህ ገና ከበር እውነቱን ልነግረው ቆረጥኩ።

በማግስቱ ሚሞን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጣ። ማዕዱን አየና «አንተ ነህ የሠራኸው?» አለኝ።

«እኔ ነኛ!» አልኩ። አፌ ለምን እንደዚያ እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚህ በኋላ እውነቱን ከየት ላምጣው?

ሚሞን አንዴ ጎረሰ። ፊቱ ቀላ። ደገመ። እኔም እንዳላፍር ጎረስኩ። ድንቹ ፕላታው ላይ አድሮ ብሶበታል። እሱ ያለቅሳል፣ እኔ አለቅሳለሁ። ሦስተኛውን ሊጎርስ ሲል ሳህኑን ነጠቅሁት።

«ተው ሚሞን፣ አትብላ! ወጥ መሥራት አልችልም። ሚጥሚጣውን በርበሬ መስሎኝ ነው።»

ማንኪያውን አስቀምጦ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ባሩኽ ሃሼም!» አለ፤ ተመስገን ማለቱ ነው። «እኔ እኮ ለኮሚቴው አቤት በማለቴ የቀጣኸኝ መስሎኝ ነበር። ጨርሼ ከበላሁት ይቅር ትለኛለህ ብዬ ነው የታገልኩት።»

ያን ጊዜ ያፈርኩትን ማፈር እኔ ነኝ የማውቀው። «ይቅርታ መጠየቅስ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አልኩት። ሚሞን ወደ ቤቱ ወጥቶ ቀዝቃዛ እርጎና ኪያር ይዞ ወረደ። እርጎውን እየተቀባበልን፣ አፍንጫችንን እየጠረግን እስኪመሽ ሳቅን።

አሁን ሳስበው ሚጥሚጣው ያስቀኛል፤ የሚቆጨኝ በኩርፊያ ያለፈው ዓመት ነው። ባለቤቴ ከሃይፋ እንደተመለሰች ጠርሙሶቹ ላይ በትልቁ ጻፈችባቸው። እኔም ድንች በበርበሬ ደህና አድርጌ መሥራት ለምጃለሁ። ሚሞን ግን አላመነኝም። ዓርብ ዓርብ፣ ሻባት ሳይገባ፣ ወጡን አስቀድሞ ሊቀምስ ማንኪያውን ይዞ በራችንን ያንኳኳል።