ሞተር ሳይክሏን የመረመረው ኮሚቴ

ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ከተማ እየቀረበ ነው ሲባል የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ በመጀመሪያው መኪና ወደ ደሴ ሄዱ። መኪናው ውስጥ ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርገው አንድ መመሪያ ሰጡኝ። «የመንግሥት ንብረት እንዳይጠፋ!»

ንብረቱ አንዲት ሞተር ሳይክል ናት። እኔ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ፤ በእሷ ወደ አምባሰል ቀበሌዎች እየወጣሁ ከብት አክማለሁ። ገበሬው ዶክተር ይለኛል፤ እኔም አላርመውም።

እኔም ከመሸሼ በፊት ከሰፈራችን መካኒክ ጋር ሞተሩን ከሻንሲው፣ ከብረት አጽሟ፣ ፈትተን አወረድነው። መካኒኩ ሞተሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ጓሮው ውስጥ ቀበረው። ለሻንሲው መደበቂያ ስናጣ ከእሾሁ ጋር አስረን አጥር አደረግነው። ጦርነቱ አልፎ ስንመለስ ከመሥሪያ ቤቱ በሩ፣ ወንበሩ፣ የክትባት ማቀዝቀዣው፣ የሥነ ምግባር መርሆዎች የተጻፉበት ሰሌዳ ሳይቀር ተወስዷል። የመካኒኩን አጥር ግን የነካው የለም።

ሞተሩ ዝናብ ሰርጎበት ስለነበር መካኒኩ ብትንትኑን አውጥቶ ፒስተኑንና ፋሻ የሚሉትን የፒስተን ቀለበት ለውጦ እንደ አዲስ ሠራው። ባትሪም አዲስ ገባላት። ሻንሲው ዝጎ ስለነበር መቀባቱን እኔ ወሰድኩ። ኃላፊው ተመልሰው ነበርና «ለውጡን የሚያንጸባርቅ ቀለም ይሁን» አሉኝ። ለውጡ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ስላልነገሩኝ ገበያ ላይ የተገኘውን አረንጓዴ ገዛሁ። ሁለት ጊዜ ደራርቤ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ሳይቀር፣ አንዲት ጣት የምታህል ቦታ ሳላስቀር ቀባሁት። በሕይወቴ በሠራሁት ሥራ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ሞተሩ ተገጠመና የማስነሻ ቁልፉን ተጫንኩ።

«እህ... እህ... እህ...» አለ፤ ዳገት ላይ እንደደከመው ሽማግሌ። ሳይነሳ ቀረ። የእግር ማስነሻው ደግሞ ከተሰበረ ዓመታት አልፈውታል።

«አብሽር» አለኝ መካኒኩ። «አዲስ ፋሻ ነው፤ እስኪሟሽ ይጠብቃል።»

እስኪሟሽ ቁልቁል እየገፋሁ ማስነሳት ጀመርኩ። ስለዚህ ማቆሚያዬ ተዳፋት መሬት ብቻ ሆነ። ሐይቁ ዳር ሜዳው ላይ ያለ በሬ ታመመ ሲሉኝ ሰበብ እደረድራለሁ፤ ከተማው አጠገብ ተዳፋት ላይ የሚኖሩትን በጎች ግን ሳይታመሙም እጎበኛለሁ።

አንድ ቀን ኃላፊው ስገፋ አዩኝ።

«የመንግሥት ንብረት እየተገፋ አይነሳም! ሕዝቡ ምን ይላል? መንስኤው እስኪጣራ ትቁም።»

ቆመች። አምስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ራሳቸው ኃላፊው ናቸው። ከአምስቱ ሞተር ሳይክል መንዳት የሚችል አንድም ሰው የለም። የምነዳው እኔ «ጉዳዩ በቀጥታ ስለሚመለከተው» ተብዬ ከአባልነት ወጣሁና ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ።

በየሳምንቱ ተሰበሰቡ። በመጀመሪያው ስብሰባ የሰብል ባለሙያው ዘይቱ ወፍሮ ይሆናል አለ። በሁለተኛው የሰው ሀብት ኃላፊዋ ችግሩ የአመለካከት መሆኑን አስረዱ፤ የማን አመለካከት እንደሆነ፣ የእኔ ይሁን የሞተሩ፣ አልተብራራም። በሦስተኛው አንድ አዛውንት አባል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያን ሁሉ ጊዜ አፈር ውስጥ ሲቀበር ጂን ሳይገባበት አይቀርም» አሉ።

«ይህ ይጻፍ?» ብዬ ኃላፊውን ጠየቅሁ።

ትንሽ አሰቡ። «ጂን የሚለውን ተወው። 'ውጫዊ ኃይሎች' በለው።»

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ ኮሚቴው የመስክ ምልከታ ለማድረግ ወሰነ። መስኩ የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ነው። ኃላፊው ለምልከታው ከቤታቸው በባጃጅ መጡ። ባጃጇን የምትነዳው ከሳውዲ የተመለሰች ልጅ ናት። ኃላፊውን አውርዳ ልትዞር ስትል እኔ ለኮሚቴው ማሳያ ቁልፉን ተጫንኩ። «እህ... እህ...» ሲል ሰማች፤ ባጃጇን አጥፍታ ወረደች።

«ዶክተር፣ ካንዴላውን አውጥተው ሞክረውታል?»

አልሞከርኩም። ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታሁት። እሷ ማርሽ አስገብታ የኋላ ጎማውን በእጇ ስታዞረው ሞተሩ ያለ ምንም ችግር አብሮ ዞረ።

«ወላሂ ሞተሩ ምንም የለበትም» አለች። «በእጄ እንዲህ የሚዞር ነገር ለባትሪ እንዴት ይከብደዋል? ኃይሉ አልደረሰውም ማለት ነው። ማሳው ነው።»

የግብርና መሥሪያ ቤት ነውና ሁሉም አገዳውንና ጤፉን ማሰብ ጀመረ።

«የማን ማሳ?» አሉ ኃላፊው።

ልጅቷ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። «የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ከብረቱ ጋር የሚታሰርበትን ማሳ እንለዋለን፣ ጋሼ።»

ከባጃጇ ወፍራም ገመድ አመጣች። አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ራቁት ብረት ላይ ያዘችና «ይጫኑት» አለችኝ። ሞተሩ ዘርርር ብሎ ዞረ። ካንዴላውን መልሼ አስሬ ስጫን በአንዴ ተነሳ። የሰብል ባለሙያው አጨበጨበ።

እሷ ግን አልጨረሰችም። ሞተሩን አስጠፋችኝና የባትሪውን ገመድ ሻንሲው ላይ የያዘውን ቡሎን ፈታች። ከሥሩ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ቀለም ወጣ።

«ይሄን ማነው የቀባው? እንዲህ ያለ ቅብ! ኤሌክትሪክ እንኳ አያሳልፍም!»

አምስቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ሐይቁ ዞርኩ።

በቢላዋ ብረቱ እስኪነጣ ፋቀችውና ቡሎኑን መልሳ አጠበቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «አይዞዎት፤ እኔም ባጃጇን ቀብቼ ሦስት ቀን አልቅሻለሁ» ብላኝ ሄደች።

ቃለ ጉባኤው «ኮሚቴው ባደረገው ጥልቅ ምርመራ» ብሎ ይጀምራል። ልጅቷንስ ምን ልበላት ብዬ ስጠይቅ ኃላፊው «ባለድርሻ አካላት በል» አሉ። የቀለሙን ነገር እኔ ራሴ ሳልጽፈው አለፍኩ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ይህችን ያህል መብት ባይኖረው ማን ይይዝ ነበር?

በማግስቱ ወደ አምባሰል ወጣሁ። ቁልፉን ስነካው ይነሳል፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የመጀመሪያዋ መንደር ስደርስ ግን ሰው የለም። በር ተዘግቷል፤ ደጅ ባለው ምድጃ ላይ ድስት እንደተጣደ ነው። ሞተሩን አጥፍቼ ቆምኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከቁልቋሉ ጀርባ አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ገበሬ ብቅ አሉ።

«ዶክተር፣ አንተ ነህ እንዴ? አልሐምዱሊላህ! ከጦርነቱ ወዲህ እኮ የሞተር ድምፅ ስንሰማ እግሬ አውጪኝ ነው።» ዞረው ሌሎቹን ተጣሩ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው አንድ በአንድ ከጫካው ወጡ። አፈርኩ።

ሽማግሌው በረቱን አሳዩኝ። ሁለት ፍየሎች ሞተዋል፤ የቀሩት ያስላሉ።

«ምነው እንዲህ ጠፋህ?»

ስለ ባትሪው፣ ስለ ማሳው፣ ስለ ኮሚቴው አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እኛ ሐይቅ ገበያ በእግራችን ደርሰን እንመለሳለን» አሉኝ። «እግርህንም ኮሚቴው ይዞት ነበር?»

አጎንብሼ መርፌዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ።