ጳጉሜን የረሳው ወረቀት

ኮምፒውተር ሙያዬ አይደለም። ቀን ቀን መሥሪያ ቤት የመንግሥት ፋይል አገላብጣለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ማን አስተማረሽ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ግትርነቴ። እናቴ «ይሄ ነገር ባል አይሆንሽ» ትለኛለች። እኔም «እንደዚህ የሚታዘዝ ባል መቼ ተገኘ?» እላታለሁ።

ሐጂን ያወቅኋቸው የእናቴን የግፊት መድኃኒት ስገዛ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጠባብ መድኃኒት ቤት አላቸው፤ በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው እዚያችው ያረጁ ሰው ናቸው። በየወሩ የሚመላለሱ ደንበኞቻቸውን ቀጠሮ ወፍራም ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። አንድ ቀን ደብተሩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው የገዛ ጽሑፋቸውን ለማንበብ ሲታገሉ አየሁና አንጀቴን በሉት። «ሐጂ፣ እኔ ፕሮግራም ልሥራልዎት» አልኳቸው። ሳንቲም አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም መረቁኝ፤ በቃኝ።

ሥራው ቀላል ነው። ስም፣ ስልክና የመድኃኒቱን ዓይነት ሲያስገቡ ማሽኑ በትልልቅ ፊደል የቀጠሮ ወረቀት ያትማል። ሠላሳ ክኒን ለሠላሳ ቀን። ወራችን ሁሉ ሠላሳ ስለሆነ ስሌቱ ደስ ሲል! ጥር ሁለት የወሰደ የካቲት ሁለት ይመጣል፣ የካቲት ሁለት የወሰደ መጋቢት ሁለት። ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም። አዎ፣ መስከረም ብዬ ነው የጻፍኩት። ጳጉሜ ጭራሽ ትዝ አላለችኝም። የመንግሥት ሠራተኛ ነኛ! ደመወዜም የቤት ኪራዬም ዓመትን የሚያውቁት በአሥራ ሁለት ነው፤ ለጳጉሜ ማንም ከፍሎኝ አያውቅም፤ እኔም ከፍዬ አላውቅም። የሚዋጥ ክኒን ግን ለእነዚያ አምስት ስድስት ቀኖችም ያስፈልጋል።

ፕሮግራሙን ጥር ላይ ጫንኩላቸው፤ ስድስት ወር ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። ነሐሴ አራት ቀን ሐጂ ደወሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ማሽንሽ ጳጉሜን ዘለላት እኮ! የነሐሴዎቹ ሰዎች ክኒን ቀድሞ ሊያልቅባቸው ነው።»

ፊቴ በእፍረት ነደደ። «ሁለት ቀን ብቻ ይስጡኝ» አልኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ለሚመጡት በአፌ እነግራለሁ። ቀድመው ለወሰዱት ግን አሁኑኑ ልደውልላቸው?»

«ኧረ ሐጂ፣ በዚህ ዓይንዎ! ሳስተካክለው ስማቸውን ለቅሞ ያወጣልዎታል፤ ያኔ ባንዴ ይደውላሉ።»

ምላሴን በቆረጠው ያኔ። ቀድመው ከወሰዱት አንዱ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነበር። ክኒኑን የወሰደው ነሐሴ ሁለት ነው። ወረቀቱ መስከረም ሁለት ይላል፤ ሠላሳው ክኒን የሚያልቀው ግን ጳጉሜ አንድ ነው።

እርማቱ አንድ መስመር ነበር። ጽፌ ጨረስኩት፤ ሻይዬ እንኳን አልቀዘቀዘም። ግን ጽሑፉን ማሽን ወደሚገባው ነገር የሚለውጥ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ኮምፓይለር ይሉታል። ያለ እሱ የጻፍኩት እርማት ዝም ብሎ ጽሑፍ ነው። ያንን ኮምፓይለር ለዓመታት በነፃ ነበር የምጠቀመው፤ የሠራው የውጭ ኩባንያ ለግለሰብ በነፃ ይሰጥ ነበር። ሰኔ ላይ «አዲሱ መጥቷል፣ ውሉም ተቀይሯል» የሚል መልእክት ሲመጣ፣ እንደ ሁልጊዜዬ ሳላነብ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫንኩ። አዲሱ አሮጌውን ጠርጎ ገባ።

ነሐሴ አራት ስከፍተው አንድ ጥያቄ አመጣ። የምትሠሪው ፕሮግራም በንግድ ቤት ውስጥ ያገለግላል? እኔ ጅሏ እውነቱን ተናገርኩ፤ «አዎ» አልኩ። ጥርቅም አድርጎ ዘጋብኝ። «ከአሁን በኋላ የዓመት ፈቃድ ግዢ» አለኝ። እሺ፣ ተበድሬም ቢሆን እገዛለሁ ብዬ የአገሮቹን ዝርዝር ከፈትኩ። ኢስቶኒያ አለች፣ ፊጂ አለች፤ በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ እኛ መካከላቸው መኖር ነበረብን፤ የለንም። ብንኖርም ኖሮ የባንክ ካርዴ ከቦሌ አያልፍም። ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አንድም ሰው አልመለሰልኝም።

ምድር ቤት ካሉት ሱቆች አንዱን ተከራይቶ፣ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ለመርካቶ ነጋዴዎች የዕቃ መቆጣጠሪያ የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። አሮጌው ኮምፓይለር ቢኖረው ብዬ ወረድኩ። በሩን ገርበብ አድርጎ ብቻውን ተቀምጧል፤ ሠራተኞቹን አሰናብቷቸዋል።

«እኔም ተጫንኩት እኮ» አለኝ። «እስማማለሁ የሚለውን ማን አንብቦ ያውቃል?»

ቁልፉ የተሰበረ፣ የተሰረቀ ቅጂ ከኢንተርኔት ፈልጎ ሰጠኝ። ቅጂውም ኮምፒውተሬን በቫይረስ ሞላው። ነፃ የሆነ ሌላ ኮምፓይለር ነበር፤ እሱ ግን ሌላ ቋንቋ ነው የሚያነበው፤ ፕሮግራሙን ከሥር መሠረቱ እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። ጀመርኩት። ሐጂ በደወሉ ቁጥር «ነገ» አልኩ። የሚዘገይ መሆኑን አውቅ ነበር፤ አቃተኝ ማለት ግን ሞት መሰለኝ። ክብሬ ነበር የያዘኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን ሐጂ ተቆጡ። «ይብቃ! ነይና ቁጭ ብለን እንደውል።» የማሽኑን መዝገብ እኔ እያነበብኩ፣ እሳቸው እየደወሉ ጨረስነው። አንድ ከሰዓት እንኳን ሙሉ አልፈጀም። ሃያ አራት ቀን ያቆየሁት ሥራ! ሁሉም ተገኙ፤ ከልብስ ሰፊው በቀር። በእሱ ቁጥር አንዲት ሴት አነሳችና «ተሳስተዋል» ብላ ዘጋች። ሐጂ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ መዝገቡ ላይ ባለው ስም ጠየቁ፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በሙያው ነበር፤ ሙያውን እኛ ያኔ ስላላወቅን አልተገኘም።

መስከረም ሁለት፣ ልክ በቀጠሮው ቀን፣ ወረቀቱን ይዛ የልብስ ሰፊው ሚስት መጣች። ጳጉሜ አራት፣ የአውዳመት ልብስ ተከምሮበት፣ እየተኮሰ ሳለ በሽታው ጣለው። የከሰሉ ካውያ ቀኝ እጁ ላይ ተከፈተ። ሐጂ ይህን በስልክ ሲነግሩኝ መሥሪያ ቤት ነበርኩ፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አፌን በነጠላዬ አፍኜ አለቀስኩ።

አዲሱን ፕሮግራም የጨረስኩት ጥቅምት ላይ ነው። ልጭንላቸው ሄጄ ሳለ ልብስ ሰፊው ገባ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። የቀኝ እጁ ጣቶች እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ሐጂ አዲሱን ወረቀት ሲሰጡት በግራው ተቀበለና ትክ ብሎ አየው።

«ይሄ ያው የበፊቱ ነው?» አለ። ከዚያ እንደ መሳቅ ብሎ «ያኔ ክኒኑ ሲያልቅብኝ ወረቀቱ ገና ነው ይላል። የማሽን ወረቀት አይሳሳትም፤ እኔ ነኝ እንጂ ረስቼ ሁለት ሁለት የዋጥኩት፣ አልኩ። ቀድሜ መምጣቱ አሳፈረኝ» አለን።

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር።

«ወረቀቱ ነው የተሳሳተው» አልኩ። «የሠራሁት እኔ ነኝ። ጳጉሜን ረስቼ ነው።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ነሐሴ አራት።»

በግራ እጁ ጣቶች መቁጠር ጀመረ። እኔ ስለ ኮምፓይለሩ፣ ስለ ተቀየረው ውል፣ ስለ አገሮቹ ዝርዝር ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሁሉም እውነት ነበር። ቆጥሮ እስኪጨርስ ግን አንዱም ከአፌ አልወጣም።

«ወር ሙሉ» አለ። «ሱቄ እኮ ከዚህ ሁለት በር አልፎ ነው።»